ሐዘንተኛ ደጅ ለደጅ አይዞርም

ጎሽ ሜዳ፣ ስማዳ
የካቲት ፭ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

…በቅሎዋም ወንዙን ስትሻገር ወደ ኋላ አልዞረችም፤ እርስዎም አልዞሩም። እናቴ፣ አክስትዎ፣ አፋፉ ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ነበር። እኔ ልጅ ነበርኩና «እታለም የት ይሄዳሉ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ለትምህርት» አለችኝ። ያን ጊዜ ማጭድ እንጂ እርሳስ ይዘው አይቼዎት አላውቅም ነበርና እንዴት ሆኖ ነው ብዬ…

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል፤ እኔ ከመሀል ጀመርኩ። ወረቀት ብርቅ ስለሆነ አልቀደውም። ሰላምታውን እዚህ ላይ ያንብቡት።

ለተከበሩ እታለም ጌጤ። ጤናዎ እንደምን ነው? የባሕሩ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? የደብራችን ታቦት እግርዎን ከእንቅፋት፣ ስምዎን ከክፉ አፍ ይጠብቅልዎ። እኛ ሁላችን ደኅና ነን።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ብዕሩን አስቀምጬ ወጥቼ ተመለስኩ። ሁላችን ደኅና አይደለንም።

የወንድሜን የፈንታሁንን ልጅ ትሁንን አያውቋትም፤ እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው የተወለደች። ዘንድሮ ሃያ ዓመቷ ነው። በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ጎልማሶችን ፊደል ታስቆጥራለች። በጥምቀት ሰሞን ከወገዳ ገበያ ስትመለስ የቸኮል ልጅ አለሙ መንገድ ላይ ጠብቆ በጉልበት ደፈራት። ሌላ ቃል ፈልጌ ነበር። እንደሚያውቁት እዚህ ጤና ጣቢያ ጤና ረዳት ነኝ፤ የሰውን ቁስል ሁሉ በስሙ እጠራለሁ፤ ይህን ለመጻፍ ግን እጄ ዘገየ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በተራው ልጻፍልዎ። የሚያስጨንቀኝ ተራው ነውና።

መጀመሪያ እናቷ ይታይሽ ጠበል ወሰደቻት። ልብሷንም እዚያው አጠበችላት። ማንም እናት የምታደርገው ነው፤ ክፉ ነገር በውኃ ይሄዳል እንላለን። ከጠበሉ ወደ ተሻገር ወሰዷት። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ነገሩ ቢያንገበግበው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የፍርድ ሸንጎውን ዋርካው ሥር ሰበሰበና፣ እንደ ግጦሽ ክርክር፣ «ተነሺና ተናገሪ» አላት። ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገረች። ከኋላ አንዲት አሮጊት «ድምፅሽን ከፍ አድርጊው እንጂ ልጄ» አሉ። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ እንደገና ተናገረች። ፖሊሱ «የሐኪም ማስረጃ አምጪ» ብሎ ወደኔ ላካት። እኔም «ንገሪኝ» አልኳት። አክስቷ ሆኜ። በሩ ክፍት፣ ሳል የያዛቸው ሰዎች በረንዳው ላይ ተራ እየጠበቁ። ነገረችኝ። የጎረቤት ሴት ነገር እንደምታወራ ነበር ድምፅዋ። ክንዷና አንገቷ ላይ ያየሁትን ጽፌ ሰጠኋት። ያንን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ስትመለስ ተረኛው ተቀይሮ ነበርና «ከመጀመሪያው ጀምሪ» አላት።

አልጀመረችም። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም። ፖሊስ ደግሞ «ተበዳይ ቃሏን ካልሰጠች ክስ የለም» ይላል።

ሽማግሎች መጥተዋል፤ መሪጌታ ገብረ ማርያም ናቸው የሚመሯቸው። «አለሙ ያግባትና ነገሩ በሰርግ ይሸፈን» ነው የሚሉት። ፈንታሁን እሺም እንቢም አላለም። ከቸኮል ጋር መቀናጆ ናቸው፤ ለየራሳቸው አንድ አንድ በሬ ነው ያላቸው፣ እያጣመሩ ያርሳሉ። ቸኮል በሬውን ከነሣው የወንድሜ መሬት ጦሙን ያድራል፤ የድርቁን ዓመት ደግሞ አልረሳነውም። ጾሙ ሳይገባ ድግሱ ስለማይደርስ፣ በዐቢይ ጾምም ሰርግ ስለሌለ፣ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተባብለዋል። ዘንድሮ ጾሙ እንዲረዝም የምመኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እታለም፣ የምለምንዎ ይህን ነው። ልጅቷን ወደርስዎ ይውሰዷት። መንገዱን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። እርስዎ እንደሄዱ ትሂድ። እርስዎ ሄደው ዳኑ አይደል?

ታናሽዎ ካሰች


ጅቡቲ
መጋቢት ፯ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለካሰች። የእመቤታችን ጥላ ከደጃፍሽ አይራቅ፤ እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ተነሥቶ ይሂድ። ደብዳቤሽ በድሬዳዋው ነጋዴ እጅ ደረሰኝ። ጠርዙ ረጥቦ ነበር፤ ግን ይነበባል።

እኔ ደኅና ነኝ። አሁንም ሆስፒታሉ ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ። አንሶላው በአንድ መስኮት ይገባል፣ ታጥቦ በሌላው ይወጣል። ማን ተኝቶበት እንደነበር አይነግሩንም፤ እኛም አንጠይቅም። ሥራው ተስማምቶኛል ለማለት ነው።

ልጅቷን ወደዚህ አትላኪያት።

ለምን እንደሆነ ጀምሬ ተውኩት። ይልቅ የምጠይቅሽን መልሺልኝ። ዋርካው ሥር ስትናገር ቆማ ነበር ወይስ ተቀምጣ? መቀመጫ የሰጣት ሰው ነበር? ፖሊስ ጣቢያው በር አለው? ሲጠይቋት ተዘግቶ ነበር? ያንቺስ ክፍል የበሩ መወርወሪያ ከውስጥ ነው ከውጭ? ይህን ሁሉ ለምን እንደምጠይቅ አንቺ አትጠይቂኝ።

ስለ እናቴ ላንሣብሽ። ያረፈች ጊዜ የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። ሰው ከእስቴም ከጋይንትም መጣ፤ እኅቶቿ ቤት ቁጭ ብለው ተቀበሉት ብለሽኝ ነበር። ያንን ገጽ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሐዘንተኛ ቤቱ ይቀመጣል፤ ሰው ነው ወደሱ የሚመጣ። ዝም ቢል አብረውት ዝም ይላሉ። ሹም ሆነ ባላገር በሩ ላይ ሲደርስ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይገባል። ከመቼ ወዲህ ነው ሐዘንተኛ ደጅ ለደጅ እየዞረ ሐዘኑን የሚያሰማው? ይችን ልጅ ማን ነው ያዞራት?

አንቺም አለሽበት ካሰች። ተቆጥቼ አይደለም።

ሌላ የምጽፈው ነበረኝ። ነጋዴው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ጌጤ


ጎሽ ሜዳ
መጋቢት ፳፱ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ለእታለም ጌጤ። ጾሙን በጤና ያስፈጽምዎ፤ የሚበሉትን ሽሮ በሰው አገር የባዕድ አያድርግብዎ።

ለጥያቄዎችዎ መልስ። ቆማ ነበር። መቀመጫ የሰጣት የለም። ጣቢያው በር አለው፤ አልተዘጋም። የኔ ክፍል መወርወሪያ ከውጭ ብቻ ነው፤ ቤቱ በድርቁ ዓመት የእርዳታ እህል መጋዘን ነበር። ስንት ጊዜ ስገባና ስወጣበት አላየሁትም። ደብዳቤዎን አንብቤ ሄጄ በሩን አየሁት። ቆሜ አየሁት።

«አንቺም አለሽበት» ያሉኝ አልከፋኝም። ማለቴ፣ ከፋኝ። ግን በማግስቱ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው መዞር የጀመርኩት እኔ ሆንኩ።

መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ፣ አዛዡ አምሳ አለቃ ይግዛው ዘንድ። አንድ ቀን እንቁረጥ አልኩት። ትሁን እኔ ክፍል ትቀመጣለች፤ እናንተ ትመጣላችሁ። አንድ ጊዜ ትናገራለች፤ የሚጽፈው ይጽፋል፣ የሚፈርመው ይፈርማል። ከዚያ በኋላ ማንም አይጠይቃትም።

«ጓድ ካሰች፣ ፖሊስ ለቅሶ አይደርስም» አለኝ።

«እናትዎ የሞቱ ጊዜ ጣቢያው በሙሉ ደብረ ታቦር ወርዶ አልነበረም?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«እንዴት ሌላ?»

ኮፍያውን ከጠረጴዛው አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው። «መዝገቡ ከጣቢያ አይወጣም። ደንብ ነው።»

«መዝገቡ ይቀመጥ። እርስዎ ይምጡ።»

«በምን ላይ ልጻፍ?»

«ወረቀት አለኝ።»

«ጠረጴዛስ?»

«ጠረጴዛም አለኝ። አንድ እግሩ ይወላገዳል እንጂ።»

«በወረቀት ጽፌ ወደ መዝገቡ ብገለብጠው…» አለ። የሚከራከረው ከደንቡ ጋር እንጂ ከኔ ጋር አይመስልም ነበር። «የሚወላገደውን እግር ድንጋይ አድርጊበት። ጽሕፈቴ ይበላሻል።»

ተሻገር ዘንድ ስሄድ ማረሻ ይስል ነበር። አብሮ አደጌ ነው፣ አንተ አንቺ እየተባባልን ነው ያደግነው። ዓይኔን አላየኝም።

«እኔ የሰበሰብኩት ለሷ ብዬ ነው» አለኝ። «በሬ ሲጠፋ እንዲህ እናደርግ የለ?»

«ትሁን በሬ ናት?»

ሳቀ። ወዲያው አፈረና ማረሻውን ገለበጠው። ለሷ ብሎ እንደሆነ እንደማውቅ ነገርኩት። ማወቄ ምን እንዳደረገለት እንጃ። ስነሣ ራሱ አነሣው፤ «ስለ በሬው ነው ፈንታሁን የሚፈራው አይደል? ቸኮል ቢነሣው ማኅበሩ ተራ ገብቶ ያጣምርለታል። ይህን ዋርካው ሥር እናገረዋለሁ። ዋርካ ሥር የሚነገረው እንዲህ ያለው ነው።»

አልጣሽን፣ የሴቶች ማኅበራችንን ሊቀ መንበር፣ የምለምናት ነገር አልነበረኝም። ከሁላችን በፊት ገብቷት ኖሯል። በየቀኑ እንዝርቷን ይዛ ትሁን ዘንድ ትሄዳለች፣ ትፈትላለች፣ ምንም ሳትጠይቃት ትመለሳለች። በቀደም ስትነሣ ትሁን «ነገ ትመጫለሽ?» አለቻት። የሰማነው ይህን ብቻ ነው።

የከበዱኝ መሪጌታ ናቸው። ከጋይንቱ ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው የመጡ፣ አገር የሚሰማቸው ሰው ናቸው።

«የጀመርኩትን ሽምግልና እንዴት ልተወው?» አሉኝ። «ሰው ምን ይለኛል?»

«የኔታ፣ ልጅቷን ጠይቀዋታል?»

«አባቷን ጠይቄያለሁ።»

«ልጅቷን።»

«አትናገርም አሉኝ።»

«ስላልተናገረች እሺ ያለች መሰላችሁ?»

መቋሚያቸውን ወደ ሌላው ትከሻ አዛወሩ። የእርስዎን ነገር ነገርኳቸው፣ ስም ሳልጠራ። አንድ ሰው ሐዘንተኛ ደጅ ለደጅ አይዞርም ብሎ ጻፈልኝ አልኳቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተማሪዎቹ ይጮኻሉ፤ አንዱ ዜማ ስቶ እሳቸው አላረሙትም።

«እኔ ለቅሶ ቤት ስገባ» አሉ፣ «ከምንም በፊት ‘እግዚአብሔር ያጽናሽ’ ነው የምል። ለዚች ልጅ አላልኳትም። ሰርግ ተሸክሜ ገባሁ።»

ስለ ጠበሉም ሳልጠይቃቸው፣ ከደጃፉ ላይ፣ «ውኃው እንደሆነ የትም አይሄድ፤ ይቆይ ነበር» አሉኝ።

ቀኑ ከሆሣዕና በፊት ያለው ሐሙስ ሆኗል። ለፈንታሁን ስነግረው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማኝና «ሁሉም መጥቶ ባትናገርስ?» አለኝ።

ያለው እውነት ነው እታለም። ባትናገር ሽማግሎቹ ከፋሲካ በኋላ ይመለሳሉ፤ መሪጌታ ቢቀሩ ሌላ ሽማግሌ አይጠፋም።

ወደዚህ አትላኪያት ያሉኝን ምክንያት አልጠይቅዎትም። አሁን የምለምንዎ መጻፍ ብቻ ነው። ምንም ይሁን፣ ይጻፉልኝ።

ካሰች


ጅቡቲ
ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ለካሰች። ሰላም ለቤትሽ። ሰላምታዬ አጠረ፤ በልብሽ አርዝሚው።

መልስሽ አልደረሰኝም። ነጋዴው ሁለት ጊዜ መጥቶ እጁን ባዶ አሳየኝ። ምናልባት ጽፈሻል። ምናልባት ተቀይመሻል። ምናልባት ልጅቷን ሰጥተዋታል።

በቅሎዋ ወደ ኋላ አልዞረችም ብለሽ ጽፈሽልኛል። እውነት ነው። ለትምህርት አልሄድኩም። ማንነቱን አልጽፈውም፤ ሞቷል ይላሉ። እኔንም አዞሩኝ። ጭቃ ሹሙ ዘንድ፣ አጥቢያ ዳኛው ዘንድ፣ ደግሞ ሌላ ቤት። በየቤቱ ከመጀመሪያው ጀምሪ። በመጨረሻው ቤት አንዱ «እንግዲህ አስቢበት» አለኝና በሩን ከውጭ ወርውሮብኝ ሄደ። ክፋት አልነበረውም፤ እንዳልጠፋ ብሎ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ በሩን ሳይ ዋልኩ። ሲከፍቱልኝ የምናገረው ጠፍቶኝ ነበር። በማግስቱ በቅሎዋ ተጫነች።

ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝ የለም። ያንን እረፍት ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። አንሶላ ሳጥብ ደግሞ አንዳንድ ቀን በባዶ ክፍል ድምፄ ይሰማኛል፤ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ የሚሰማ የለም። ወደዚህ አትላኪያት ያልኩሽ አገሩ ከፍቶኝ አይደለም። ሄደው ዳኑ አይደል ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው።

ይህን ለማንም አታንብቢው። ወይም አንብቢው። እንዳየሽ።

ጌጤ


ጎሽ ሜዳ
ሚያዝያ ፳፱ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ እታለም። ድንጋዩን ያንከባለለ የእርስዎንም ያንከባልልልዎ። ከእርስዎ ደብዳቤ አላገኘሁም፤ ቢሆንም እጽፋለሁ፤ የምጽፈው አለኝና።

ሐሙስ ጧት ተሻገር መዶሻ ይዞ መጣ። መወርወሪያውን ከውጭ ነቅሎ ከውስጥ መታው። ሁለት ሦስት ጊዜ ወርውሮ ሞከረው። «ይሄዳል» አለ።

አግዳሚ አዘጋጅቼላት ነበር። ትሁን አልፈለገችውም። የበሬ ቆዳ ጀንዲ አነጠፈችና ግድግዳውን ተደግፋ በሩን ፊት ለፊት እያየች ተቀመጠች። አልጣሽ አጠገቧ፣ ከእንዝርቷ ጋር። ከዚያ መጡ። መሪጌታ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ገቡና «እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ» አሉ፤ መልስ ሳይጠብቁ ወጡ። መስማት የሳቸው ፋንታ እንዳልሆነ ማንም አልነገራቸው። አምሳ አለቃ ይግዛው ኮፍያውን አውልቆ ገባ። ተሻገር ለሸንጎው ገባ። በሩን ወረወርነው።

ማንም አልጠየቃትም። ይህን ቃል ተግባብተን ነበር። የእንዝርቱ ድምፅ ብቻ። አምሳ አለቃ ጎሮሮውን ጠረገ፤ አልጣሽ ዓይኗን አነሣችበት፤ ተወው። እኔ የጠረጴዛውን እግር፣ ከሥሩ ያደረግሁትን ድንጋይ አያለሁ። ፈንታሁን ልክ ነበር አልኩ። አሁን ተነሥተን እንወጣለን፣ ከፋሲካ በኋላ ይመጣሉ፣ እኔም በዚህ ክፍል ሳል እያከምኩ እኖራለሁ…

«ጋሼ ተሻገር ይውጡ» አለች።

እሱን ነው ያለችው፤ ጧት መወርወሪያውን የመታላትን። ተነሣ። ተቀየመ ብዬ ፈራሁ። በሩ ላይ ሲደርስ «ከደጅ ነኝ» ብቻ አላት።

ከዚያ ተናገረች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። የተናገረችውን አልጽፍልዎትም፤ አንድ ጊዜ ነው የሚነገረው ብለናልና።

ስትጨርስ አምሳ አለቃ ብዕሩን አስቀመጠ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት። «ውኃ ትፈልጊያለሽ?» አላት። «አዎ» አለች። ቀድቶ የሰጣት ራሱ ነው።

በደጅ የሆነውን በኋላ ነው የሰማን። ቸኮል ሁለት ሽማግሎች አስከትሎ መጥቶ ኖሯል።

«ምንድን ነው ይህ ሁሉ ሰው?» ይለዋል ተሻገርን።

«ለቅሶ ቤት ነው።»

«ማን ሞቶ?»

«ማንም እንዳይሞት ነው የተቀመጥነው።»

«አንተ ተሻገር፣ እኔ ላይ ትቀልዳለህ? በሬዬን ከፈንታሁን ማረሻ እፈታለሁ።»

«ፍታው። ተራ ወጥቷል፤ ለሰኞ የኔ በሬ ነው የሚጠመድለት።»

ቸኮል መሪጌታን ዞር ብሎ ያያል። መሪጌታ የበረንዳው ግንብ ላይ ተቀምጠው መዝሙረ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ቀና አላሉም አሉ።

የትሁንን ቃል፣ ክንዷ ላይ ያየሁትን የጻፍኩበትን፣ የሸንጎውና የሴቶች ማኅበሩ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት አንድ ላይ አሥረን ለዐቃቤ ሕግ ላክነው። አምሳ አለቃ ራሱ ይዞት ሄደ። አለሙን ከስቅለት በፊት ያዙት። ወደ ፍርድ ቤት ትመጣለች ወይ ብለው ሲጠይቁ አምሳ አለቃ «ቃሏን ሰጥታለች፤ የሚጠየቅ ካለ እኔን ጠይቁ» ብሎ መለሰ። ደንቡ ይፈቅድ አይፈቅድ እንጃ። ተቀበሉት።

ፋሲካ አለፈ፤ ሽማግሎቹ እስካሁን አልመጡም።

ዛሬ ጧት ፈንታሁን ቤት ነበርኩ። ትሁን ወጡን ቀመሰችና «ጨው በዝቶበታል» አለች እናቷን። ይታይሽ ለልጇ ጀርባዋን ሰጥታ ከምድጃው ጋር ረጅም ጊዜ ቆየች። ወጡን እኔም ቀመስኩት። ጨው በዝቶበታል።

ካሰች


ጅቡቲ
ሰኔ ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ለእኅቴ ለካሰች። ክረምቱ በልክ ይዝነብላችሁ፤ ጎርፉ ከማሳችሁ ራቅ ብሎ ይለፍ።

ሁለቱ ደብዳቤዎችሽ በአንድ ቀን ደረሱኝ። ማጠቢያው ክፍል ቆሜ አነበብኳቸው። ውኃ ትፈልጊያለሽ የሚለው ላይ ስደርስ ቅርጫቱ ላይ ተቀመጥኩ። አብራኝ የምትሠራው ሴት ምን ሆንሽ አለችኝ በቋንቋዋ። ምንም አልኳት። ደግሞ ሄዳ ውኃ አመጣችልኝ፤ እንዴት እንዳወቀች እንጃ።

የሚያዝያው ደብዳቤዬ ደርሶሽ ከሆነ መልስ አትስጪኝ። ለመልስ አልጻፍኩትም። ቢሆንም ከጻፍኩት ወዲህ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ከመጀመሪያው መጀመር ትቻለሁ። በቀደም ደግሞ ክፍሌን ሳልቆልፍ ሥራ ገባሁ። ትዝ ያለኝ ስመለስ ነው። ሁሉም እንደነበረ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። ያ መወርወሪያ እንጨት ነው ብረት?

ጌጤ


ጎሽ ሜዳ
ጥቅምት ፫ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ለእታለም ጌጤ። አዲሱ ዓመት በእግሩ ገብቷል፤ እርስዎም ዘንድ እንዲሁ ይግባ። ገብሱ ዘንድሮ ቁመቱ ደረት ይደርሳል። የፈንታሁንም ማሳ።

እንጨት ነው። ወይራ። ቤቱ መጋዘን ሳለ ተሻገር ከራሱ ግቢ ቆርጦ ያመጣው ነው፤ እጅ ብዛት እየነካው ጥቁር እየሆነ ሄዷል።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መልስ አትስጪኝ ብለዋልና አልሰጥም። ለማንም አላነበብኩትም። ጀንዲውን ግን ከክፍሉ አላወጣሁትም፤ እዚያው ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ መጥተው ማየት ከፈለጉ ሁልጊዜ እዚያ ነው።

አለሙ ተፈረደበት። ቸኮል ለጥቂት ጊዜ ከሰው ተለይቶ ከረመና በነሐሴ ፈንታሁን ደጅ መጥቶ ቆመ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። በሬዎቹ ግን አልተጣመሩም፤ ፈንታሁን አሁንም ከተሻገር ጋር ነው የሚያርሰው። መሪጌታ በፍልሰታ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ምእመናኑ ሳይበተኑ፣ «ክፉ የደረሰባት ሴት ብትኖር ልብሷን ሳታጥቡ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ አድርሷት፤ ጠበሉ ኋላም ይደርሳል» ብለው ተናገሩ። አምሳ አለቃ የጣቢያው ፖሊሶች ሁሉ የኔን ክፍል በር እንዲያንኳኩ አዟል፤ መጀመሪያ ሳያንኳኳ የገባውን አንዱን ወደ ደጅ መልሶ አንኳኩቶ እንዲገባ አደረገው። ትሁን ለትምህርት መካነ ኢየሱስ ከተማ ልትገባ ነው፤ አውቶቡሱን እስክትይዝ ጠዋት ጠዋት እዚህ መጥታ መድኃኒት ትደረድርልኛለች። ከኔ ይልቅ ትሳደባለች፤ ተራ የሚያፈርስ በሽተኛ አይተርፋትም።

ይህን የምጽፍልዎ በረንዳው ላይ ሆኜ ነው። እየጻፍኩ ሳለሁ በእስቴ በኩል ካለው መንገድ አንዲት ሴት መጣች። በዕድሜ እኔን ትሆናለች። ነጠላዋ ላይ የመንገድ ጭጎጎት ተጣብቋል። ልብሷ አልታጠበም።

ብዕሬን አስቀምጬ ተነሣሁ። «ጤና ረዳቷ እኔ ነኝ» አልኳት።

«አንቺን አይደለም» አለችኝ። «አንድ ጊዜ ብቻ የተናገረችዋን ልጅ ነው።»

ትሁን ከውስጥ ሰምታ ኖሯል። ጀንዲው ሲነጠፍ ተሰማኝ። ወጣችና ሴትዮዋን በክንዷ ሳትነካት፣ በሩ ድረስ አብራት ሄደች። ልከተላቸው ስል ደፉ ላይ ዞር አለች።

«እትዬ፣ እርስዎ ይቆዩ» አለችኝ። «ስትጠራዎት ይገባሉ።»

ሴትዮዋ ቀድማ ገባች። ትሁን ራሷን ዝቅ አድርጋ ተከተለቻት፤ በሩም ተዘጋ።